የአንባቢ ጥያቄ፦ ጥቂቶች አንድን ፓርቲ እንዴት ያዙት?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሃይማኖትንና መንግሥትን ይለያል ሲባል እንሰማለን። በሌላ በኩል ደግሞ አክራሪ የሚባሉ ክርስቲያኖች በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች የሪፐብሊካን ፓርቲን ቅርንጫፍ እንደ ተቆጣጠሩት ይነገራል። በቁጥር ብዙኃኑ ካልሆኑ ይህን ማድረግ የቻሉት እንዴት ነው? አብያተ ክርስቲያናት በምርጫ እጃቸውን እንዳያስገቡ የሚከለክል ሕግስ የለም ወይ?

መልስ፦ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በእኛ አነጋገር «አክራሪ» ወቀሳ ያዘለ ቃል ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ግን «ፈንዳሜንታሊስት» (የእምነቱን መሠረታዊ ትምህርቶች አጥብቆ የሚይዝ ማለት ነው) የሚለውን ስም በ1920 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለራሱ ወገኖች በኩራት ያወጣው አንድ የባፕቲስት ጋዜጣ አዘጋጅ ነው። ወንጌላዊ አማኝ ሁሉ ፈንዳሜንታሊስት አይደለም፤ በእምነታቸው ጽኑ የሆኑት የጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመናንም በአብዛኛው ድምፃቸውን የሚሰጡት ለዴሞክራቶች ነው።

ፈንዳሜንታሊስቶቹ ለብዙ ዘመን ፖለቲካን እንደ ዓለማዊ እድፍ ይሸሹት ነበር። የቨርጂኒያው ፓስተር ጄሪ ፎልዌል በ1965 ባሰሙት ስብከት፣ ሰባኪ የተጠራው ነፍስ ለማዳን እንጂ ፖለቲከኛ ለመሆን አይደለም የሚል አቋም ይዘው፣ በሲቪል መብት ንቅናቄ የተሰለፉትን ቀሳውስት ነቅፈዋል። እኚሁ ሰው በ1979 «ሞራል ማጆሪቲ» የተባለውን የፖለቲካ ማኅበር መሠረቱ። በመካከሉ ምን ተፈጠረ ቢሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጽንስ ማቋረጥን በመላ አገሪቱ የፈቀደበት ውሳኔ ነው። እኔ ግን ከዚያ ያላነሰ ክብደት የምሰጠው በ1978 ለወጣ አንድ ረቂቅ ደንብ ነው፤ በዚህ ረቂቅ የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ ዘር ይለያሉ ብሎ የጠረጠራቸውን የግል ትምህርት ቤቶች፣ የአብያተ ክርስቲያናቱን ጨምሮ፣ ከግብር ነጻ የመሆን መብታቸውን ሊነጥቃቸው አስቦ ነበር። ትምህርት ቤት ለከፈቱት ፓስተሮች፣ እስከዚያ ድረስ ሩቅ የነበረው መንግሥት አጥራቸውን ዘልሎ ገባ።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። የአሜሪካ ፓርቲ የአባልነት መታወቂያ እየሰጠ ከማዕከል ትእዛዝ የሚያወርድ ድርጅት አይደለም፤ በየክፍለ ግዛቱ ያለው ቅርንጫፍ የሚዋቀረው ከታች ነው። በቴክሳስ ለረጅም ጊዜ የነበረውን አሠራር ይመልከቱ። የቅድመ ምርጫው፣ ማለትም መራጮች የፓርቲውን እጩዎች የሚመርጡበት ድምፅ አሰጣጥ፣ ዕለት ማታ ድምፅ መስጫው እንደ ተዘጋ፣ በዚያው ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ድምፅ የሰጠ ማንኛውም ሰው እዚያው ለቀበሌ ስብሰባ መቆየት ይችል ነበር። አብዛኛው ሰው ሥራ ውሎ ደክሞታልና ወደ ቤቱ ይሄዳል። በአዳራሹ ስድስት ሰው ቀረ እንበል፤ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አሥር ምእመናን ተነጋግረው ከመጡ፣ ልዑካኑን የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ልዑካኑ ከዚያ ወደ አውራጃው ጉባኤ፣ ቀጥሎም የፓርቲው ሊቀ መንበር ወደሚመረጥበትና የአቋም ሰነዱ ወደሚጸድቅበት የክፍለ ግዛቱ ጉባኤ ያልፋሉ። በ1994 ፎርት ዎርዝ ላይ የተሰበሰበው የቴክሳስ ሪፐብሊካን ጉባኤ ቶም ፖከንን ሊቀ መንበር አድርጎ የመረጠው በዚህ መንገድ በመጡ ልዑካን ድጋፍ ነው።

ይህን ስልት በመላ አገሪቱ ያስፋፋው የቴሌቪዥን ሰባኪው ፓት ሮበርትሰን በ1989 ያቋቋሙት «ክርስቲያን ኮአሊሽን» ነው። ሮበርትሰን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለፕሬዚዳንታዊ እጩነት ተወዳድረው፣ በአይዋ ክፍለ ግዛት ኮከስ (የፓርቲው ደጋፊዎች እጩ በሚመርጡበት ስብሰባ) የወቅቱን ምክትል ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽን ቀድመው ሁለተኛ ወጥተው ነበር፤ ውድድሩን ቢሸነፉም የደጋፊዎቻቸው ስም ዝርዝር በእጃቸው ቀረ። በ1994 አንድ የምርጫ ሙያ መጽሔት ባወጣው ጥናት፣ የክርስቲያን ወግ አጥባቂዎች ኃይል በ18 ክፍለ ግዛቶች የሪፐብሊካን ፓርቲ ውስጥ የበላይነቱን ይዟል፣ በ13 ሌሎች ደግሞ ከፍተኛ ተሰሚነት አለው ተባለ።

ሆኖም ፓርቲን መያዝና መራጭን መያዝ ለየቅል ናቸው። በዚያው ዓመት የሚኒሶታ ሪፐብሊካኖች ጉባኤ በሥልጣን ላይ የነበሩትን የራሱን አገረ ገዥ አርን ካርልሰንን ትቶ፣ ጽንስ ማቋረጥን አጥብቀው የሚቃወሙትን አለን ክዊስትን ደገፈ። በመስከረም ቅድመ ምርጫ ግን በሩ ለሰፊው መራጭ ተከፈተና ካርልሰን ሁለት ለአንድ በሚጠጋ ብልጫ አሸነፉ። በቨርጂኒያም በ1993 ጉባኤው ለምክትል አገረ ገዥነት ያቀረባቸው ማይክል ፋሪስ በኅዳር ተሸነፉ፤ በዚያኑ ዕለት፣ በዚያው ፓርቲ ስም የቀረቡት ጆርጅ አለን ለአገረ ገዥነት ተመርጠዋል። ስለዚህ ከእነዚህ ክፍለ ግዛቶች ስለ አንዱ ሲያነቡ፣ እጩው የተመረጠው በጉባኤ ነው ወይስ በቅድመ ምርጫ ብለው ቢጠይቁ፣ ከምእመናኑ ቁጥር ይልቅ ብዙ ነገር ይገልጽልዎታል።

ሕጉን በተመለከተ፣ ከ1954 ጀምሮ ከግብር ነጻ የሆነ ቤተ ክርስቲያን እጩ እንዳይደግፍ ወይም እንዳይቃወም የሚከለክል የግብር ሕግ አለ። ምእመኑ በግሉ ለቀበሌ ስብሰባ ከመሄድ የሚያግደው ግን ምንም የለም፤ የክርስቲያን ኮአሊሽን ሰዎችም ድንበሩን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ከምርጫው በፊት ባለው እሑድ በየቤተ ክርስቲያኑ ይታደል የነበረው ወረቀታቸው የሁለቱን እጩዎች ስም ጎን ለጎን ያስቀምጥ ነበር፤ ከሥር ጽንስ ማቋረጥን፣ ግብርንና የትምህርት ቤት ጸሎትን የመሳሰሉ ጉዳዮች ይዘረዘሩና በየስሙ አንጻር «ይደግፋል» ወይም «ይቃወማል» ይባል ነበር። የፌዴራሉ የምርጫ ኮሚሽን በ1996 ማኅበሩን ከስሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን በ1999 በአብዛኞቹ ነጥቦች ለማኅበሩ ፈረደ፤ ወረቀቱ ላይ «እገሌን ምረጡ» የሚል ቃል አልነበረምና።