መልስ፦ የሚ-24 ሄሊኮፕተር ሞዴልህ የናስ ክፍሎች ለምን አልጣበቅ አሉ?

ወንድሜ፣ ለብቻ የገዛኸው የናስ ዳሽቦርድ በኪቱ (በሚገጣጠመው የፕላስቲክ ሞዴል) ሙጫ አልያዝ ያለህ ጥፋትህ ሆኖ አይደለም። ያ ሙጫ የሚሠራው ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው፤ ናስም ሬዚንም (በቅርጽ ፈስሶ የሚጠነክረው ነገር) አይቀልጡለትም። ለገጣፎ ነኝ ካልክ ሩቅ አትሂድ፣ ሱፐር ግሉ ከየሱቁ አይጠፋም። በመርፌ ጫፍ ትንሽ ንካና ቁራጯን በወረንጦ አስቀምጥ። ከቱቦው በቀጥታ ካፈሰስክ አለቀልህ፣ የዳሽቦርዱ ሰዓቶች በሙሉ ይደፈናሉ።

የኮክፒቱን መስታወት ግን በሱፐር ግሉ እንዳትነካው! ትነቱ ነጭ ጉም ያለብሰዋል። እዚያ ላይ የእንጨት ኮላ ይሻላል፣ ሲደርቅ አይታይም።

የሬዚን ወንበሮቹን አስቀድመህ በሳሙና እጠባቸው። በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቃቸው በውሃ አርሳቸው፣ ማስክም አድርግ፤ ብናኙ ለሳንባ አይሆንም። አምስቱን የሮተር ክንፎች መጨረሻ ላይ ግጠም። ቀለሙን በማለዳ ቀባ፣ የኮረኮንቹ አቧራ ሳይነሳ።