በበጋ ወደ ሃቫሱ ፏፏቴ ለመውረድ ለምታስቡ፦ ጥያቄና መልስ

በአሪዞና በረሃ፣ በግራንድ ካንየን ጎን፣ ሰማያዊ ውሃ የሚወርድበት ሸለቆ አለ። የሃቫሱፓይ ሕዝብ ምድር ነው። ሰሞኑን ከላስ ቬጋስ፣ ከፊኒክስና ከሌሎችም ከተሞች ብዙ ሰው ስለ ጉዞው ስለጠየቀኝ አንድ ላይ ልመልስ። እኔ የምኖረው ፊኒክስ ነው፤ መንገዱንም በተለያየ ወቅት ሄጄበታለሁ። ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ፦ ተራራ ስንወጣ ድካሙ ይቀድማል፤ ካቃተን ተመልሰን እንወርዳለን። እዚህ ግን የሚቀድመው ቁልቁለቱ ነው። ዳገቱ የሚጠብቀን በመጨረሻው ቀን፣ ጉልበት ካለቀ በኋላ ነው። የምሰጠው ምክር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ጥያቄ (ከላስ ቬጋስ)፦ ሦስት ቤተሰብ ሆነን በጁላይ አስበናል። ጠዋት ሄደን ማታ መመለስ ይቻላል?

አይቻልም። የደርሶ መልስ የቀን ጉዞ በጎሳው አስተዳደር ደንብ የተከለከለ ነው። ወይ የካምፕ ቦታ፣ ወይ በሱፓይ መንደር ያለው ማረፊያ ቤት አስቀድሞ መያዝ አለበት። ካምፑ የሚሰጠው ለሦስት ሌሊት ነው፤ ዋጋውም በቅርብ ዓመታት ለአንድ ሰው ከ400 ዶላር በላይ ሆኗል። ቦታው የሚሸጠው በጎሳው ድረ ገጽ ብቻ ሲሆን ፈላጊው ብዙ ስለሆነ በዓመቱ መጀመሪያ ይያዛል። በኋላ የሚገኘው ሌሎች የሰረዙት ቀን ነው፤ እሱም የሚተላለፈው በዚያው ድረ ገጽ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ «ፈቃድ አለኝ፣ ልሽጥላችሁ» ለሚል ሰው አንድም ሳንቲም እንዳትልኩ። ስሙ የተመዘገበው ሰው መታወቂያውን ይዞ ካልቀረበ አያስገቡም።

መንገዱም አጭር አይደለም። መኪና የሚቆመው ሁዋላፓይ ሂልቶፕ ላይ ነው። ከዚያ እስከ መንደሩ በእግር 8 ማይል፣ ከመንደሩ እስከ ካምፑ ደግሞ 2 ማይል ያህል ነው። ከቬጋስ እስከ ሂልቶፕ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የመጨረሻው 60 ማይል ገደማ ነዳጅ ማደያ የለበትም፤ ሩት 66ን ሳትለቁ ሙሉ። ሂልቶፕ ላይ የሚቀዳ ውሃም የለም።

ጥያቄ (ከፊኒክስ)፦ ወር መምረጥ ብችል የትኛውን ትመክረኛለህ?

ሜይን ወይም የሴፕቴምበርን መጨረሻ። ጁን ደረቅና እሳት ነው። ከጁላይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር ደግሞ ሙቀቱም የሞንሱን ዝናቡም አብረው ይመጣሉ። የልጆች ትምህርት ቤት የሚዘጋው በዚህ ጊዜ ስለሆነ ብዙዎቻችን ምርጫ እንደሌለን አውቃለሁ። ለእናንተም ከታች በሰፊው እጽፋለሁ።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ ባለፈው ሰው በጎርፍ መሞቱን ሰማን። እውነት ነው? ሰማዩን አይተን መወሰን አንችልም?

እውነት ነው፣ እህቴ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 2024 ደራሽ ጎርፍ ሸለቆውን ሞልቶ አንዲት ተጓዥ ተወስዳ ሞተች፤ ከመቶ በላይ ሰዎችም በሄሊኮፕተር ወጡ። በጁላይ 2018 ወደ 200 የሚጠጉ ጎብኚዎች እንዲሁ ወጥተዋል። በኦገስት 2008 የወረደው ጎርፍ ደግሞ የውሃውን መንገድ ስለቀየረው ናቫሆ የሚባለው ፏፏቴ ደርቆ ቀረ፤ ዛሬ የምናያቸው ትንንሽ ፏፏቴዎችም ያኔ ነው የተፈጠሩት።

ሰማዩን አይቶ መወሰን የሚባለው ነገር ያስፈራኛል። ወደ ሃቫሱ የሚፈሰው ውሃ ከሩቅ ደጋ ነው የሚሰበሰበው፤ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስከ ዊሊያምስ ከተማ አካባቢ ድረስ ይደርሳል። እዚያ የዘነበው ዝናብ እናንተ ፀሐይ ላይ ተኝታችሁ ሳለ ሊደርስባችሁ ይችላል። ዓለቱና ደረቁ መሬት ውሃ አይመጥም፤ የወረደው ሁሉ በጠባቡ ሸለቆ ውስጥ ይጨመቃል። ደግሞም አብዛኛው የእግር መንገድ ራሱ ደረቅ ወንዝ ነው። የምትሄዱት ጎርፉ በሚሄድበት ላይ ነው።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎትን ትንበያ ለሸለቆው ብቻ ሳይሆን ለደጋውም ተመልከቱ። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ካለ አትውረዱ፤ የከፈላችሁት ገንዘብ ይቅር። ካምፑ ስትደርሱ ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት በየት በኩል ወደ ከፍታ እንደምትወጡ ለልጆቹ አሳዩአቸው። ድንኳኑንም ከወንዙ ጠርዝ አርቁ፤ ውሃው ጫፍ ያለው ቦታ ለፎቶ ነው የሚያምረው። ሰማያዊው ውሃ ድንገት ቡናማ ከሆነ፣ ቅርንጫፍና ቆሻሻ መሸከም ከጀመረ፣ ወይም ከላይ በኩል ጉርምርምታ ከተሰማ ቦርሳ አታንሱ፣ ጫማ አትፈልጉ፤ ውጡ። ከወንዙ ማዶ ዘመድ ቢኖራችሁም አትሻገሩ። እሱም በራሱ በኩል ወደ ላይ ይውጣ።

ጥያቄ (ከሎስ አንጀለስ)፦ ሙቀቱን እንዴት እንቻለው? ስንት ሊትር ውሃ ልያዝ?

በበጋ ሸለቆው ውስጥ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተራ ነገር ነው፤ ከ45 የሚያልፍበትም ቀን አለ። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ መልሶ ይተፋዋል። በግራንድ ካንየን የፓርክ ጠባቂዎች የሚሰጡት ምክር እዚህም ይሠራል፦ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ፀሐይ ላይ አትሂዱ። ሌሊት መሄድ የተከለከለ ስለሆነ ጎህ ሲቀድ መነሳት ብቻ ነው ያለው አማራጭ።

ውሃ ለአዋቂ ቢያንስ አራት ሊትር። እስከ መንደሩ ድረስ የሚጠጣ ነገር አታገኙም። ግን ውሃ ብቻ ማንቆርቆርም ያሳምማል። በላብ ጨው እየወጣ ውሃ ብቻ ሲገባ የደም ጨው ይሳሳል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መዘባረቅ ይመጣል። ብዙ ሰው ይህን ውሃ ጥም መስሎት ይጨምርበታል። ስለዚህ ከውሃው ጋር ጨዋማ ነገር ብሉ። ጨው የተነሰነሰበት ቆሎና ዳቦ ቆሎ እዚህ ከማንኛውም የሱቅ ብስኩት ይበልጣሉ፤ አይቀልጡም፣ አይበላሹም። በሶ ለጠዋት ድንቅ ነው። እንጀራ ግን በሙቀቱ ቶሎ ይሻግታል፤ ድርቆሽ አድርጋችሁ ያዙ።

በመመለሻው ቀን ከካምፑ ከንጋት በፊት ዕቃ ጠቅልሉ፤ ሊነጋጋ ሲል መንገድ ጀምሩ። መንደሩ ስትደርሱ ኮዳውን ሁሉ ሙሉ። ከጫፉ በፊት ያለው የመጨረሻው ማይል ተኩል ጠመዝማዛ ዳገት ነው፤ ጥላ የለውም። እዚያ ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ከደረሳችሁ በሸለቆው ጥላ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ማምሻውን ጠብቁ። ቤት ለመድረስ ብላችሁ አትቸኩሉ፤ በሙቀት የሚወድቀው ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ዳገት ላይ ነው።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ቀናችን ከኦገስት 10 እስከ 13 ነው። ፍልሰታ ላይ ይውላል። እየጾምኩ መሄድ እችላለሁ?

የጾም ምግቡ አያስቸግርም፤ ከላይ የጠቀስኩት ሁሉ የጾም ነው። የሚያስቸግረው እስከ ቅዳሴ መውጫ ሳይበሉ ሳይጠጡ መቆየቱ ነው። በሚወርዱበትና በሚወጡበት ቀን ውሃ ሳይቀምሱ መሄድ ለሕይወት ያሰጋል። ቀኑ ሊቀየር ካልቻለ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ መንገደኛና ድካም ላይ ላለ ሰው የሚሉት አይጠፋም። እኔ ብሆን ግን ፍልሰታን ለቤተ ክርስቲያን ትቼ ለጉዞው ሌላ ጊዜ እፈልግ ነበር።

ጥያቄ፦ ጀበናና ከሰል ይዘን ብንወርድስ?

ጀበናው ይውረድ፣ ከሰሉ ይቅር። በካምፑ ማናቸውም እሳት ክልክል ነው፤ የተፈቀደው ትንሽ የጋዝ ምድጃ ብቻ ነው። ዕጣኑንም ለቤት ተዉት። አልኮልና ድሮን ጨርሶ አይገቡም።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ እናቴ ከኢትዮጵያ መጥታለች፤ 67 ዓመቷ ነው። በሄሊኮፕተር ብትወርድ ምን ይመስልሃል?

ሄሊኮፕተር አለ፤ በሁሉም ቀን ግን አይበርም። ወረፋው በዕለቱ ነው፤ ቅድሚያ የሚያገኙት የመንደሩ ነዋሪዎች ናቸው። ነፋስ ወይም ደመና ከመጣ ይቆማል። ስለዚህ የምመክርህ ይህን ነው፦ በሄሊኮፕተር ትውረድ፣ ማረፊያ ቤቱን ያዝላት፣ ለመመለሻም አንድ ትርፍ ቀን አስብ። ከመንደሩ እስከ ሃቫሱ ፏፏቴ ሁለት ማይል እንደሚቀር እንዳትረሳ፤ መመለሻውም ሽቅብ ነው። እናትህ በየቀኑ የሚራመዱ ከሆነ ጠዋት በቀስታ ይችሉታል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ግን በቅንነት ነው የምልህ፣ አታምጣቸው። የግራንድ ካንየንን ደቡብ ጠርዝ አሳያቸው፤ መኪና ጫፉ ድረስ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ዕቃችንን በበቅሎ ማስጫንስ?

ይቻላል፤ አስቀድሞ መያዝ ነው። ሱፓይ መኪና የማይደርስበት መንደር ስለሆነ ፖስታው ሳይቀር እስከ ዛሬ የሚገባው በበቅሎ ነው። ገጠር ያደገ ሰው የተላጠ ጀርባና ያነከሰ እግር ያውቃል፤ እንዲህ ያለ እንስሳ ቢቀርብላችሁ አትጫኑ፣ ተናገሩ። እኔ የምመርጠው ግን ቦርሳን አቅልሎ በራስ ጀርባ መሸከም ነው።

ጥያቄ (ከሳን ዲዬጎ)፦ ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ሙኒ ፏፏቴ ይወርዳል?

ሃቫሱ ፏፏቴ 30 ሜትር ገደማ ሲሆን እግሩ ሥር ያለው ኩሬ ለልጅ የሚመች ነው፤ ዋና ለማይችል የሕይወት ጃኬት ያዙ። ሙኒ ሌላ ነገር ነው። ወደ 60 ሜትር ይጠጋል፤ የሚወረደው በዓለት ውስጥ በተፈለፈለ ዋሻ፣ ከዚያም በሰንሰለትና በእንጨት መሰላል ነው። ውሃው ስለሚረጨው ሁሉም ያንሸራትታል። ስያሜውም እዚያው ወድቆ ከሞተ ማዕድን ፈላጊ የመጣ ነው። ልጅህ ከፍታ የማይፈራና የምትለውን በመጀመሪያው ቃል የሚሰማ ከሆነ፣ አንድ አዋቂ ከሥሩ አንድ ከበላዩ ሆኖ፣ በጠዋት፣ የሚይዝ ጫማና ጓንት አድርጎ ይሞክር። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ከላይ ሆናችሁ ማየቱ በቂ ነው፤ ከላይም ያምራል። ከዚያ በታች ያለው ቢቨር ፏፏቴ ከካምፑ ሦስት ማይል ያህል ነው፤ ለአዋቂዎች አንድ ሙሉ ቀን ስጡት።

ጥያቄ፦ ውሃው ለምን ሰማያዊ ሆነ? ልጄ ቀለም ተጨምሮበት ነው ብላ አስቸገረችኝ።

የኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ካልሲየም ካርቦኔት ተሸክሟል። ብርሃን በዚያ ላይ ሲያርፍ ሰማያዊው ጎልቶ ይመለሳል። ያው ማዕድን ቀስ በቀስ እየተጋገረ ትራቨርቲን የሚባለውን ድንጋይ ይሠራል፤ ኩሬዎቹን የሚገድቡት ደረጃዎች የዚህ ድንጋይ ናቸው። ስለዚህ አትርገጧቸው፤ ይሰበራሉ። የውሃው ሙቀት ዓመቱን ሙሉ 21 ዲግሪ ገደማ ነው። ካምፑ አጠገብ ምንጭ አለ፤ እኔ ግን ሳላጣራ አልጠጣም፤ ሳሙናም ይዛችሁ ውረዱ፤ በጁን 2024 ብዙ ጎብኚዎች በሆድ ሕመም ተቸግረው ነበር።

ጥያቄ፦ አሜሪካ መሬት ላይ ሆነን ይህ ሁሉ ክፍያና ክልከላ ለምንድን ነው? ተፈጥሮ የሁሉም አይደለም?

ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ስለሰማሁት በግልጽ ልመልስ። የሃቫሱፓይ ሕዝብ በሙቀቱ ወራት ሸለቆው ውስጥ እያረሰ፣ በብርዱ ወራት ደጋው ላይ እያደነ የኖረ ነው። በ1882 መንግሥት ደጋውን ነጥቆ በሸለቆው ውስጥ 518 ኤከር ብቻ ተወለት፤ ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ካምፑ ያለበት መሬት እንኳ በብሔራዊ ፓርኩ እጅ ነበር። ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ በ1975 በወጣ ሕግ ወደ 185,000 ኤከር ተመለሰላቸው። አሁን የምንከፍለው ለባለቤቱ ነው። በኮቪድ ጊዜ ሦስት ዓመት ገደማ በራቸውን ዘግተው ሽማግሌዎቻቸውን ጠብቀዋል፤ መብታቸው ነበር።

በመንደሩ ስታልፉ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አትሁኑ፤ ሰላምታ ስጡ። ሰዎቹንና ቤታቸውን ፎቶ አታንሱ፤ ሙዚቃ አጥፉ። ቆሻሻችሁን ሁሉ ይዛችሁ ውጡ። እንግድነት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ጥያቄ (ከቤርሼባ)፦ እስራኤል ላለነው ተመሳሳይ ቦታ አለ?

ዓይን ጌዲ፣ ከሙት ባሕር ዳር። የዳዊት ወንዝ ፏፏቴ በአጭር መንገድ ይደረሳል፤ የአሩጎት ሸለቆ ረዘም ይላል። እዚያ ጎርፉ የሚመጣው በብርዱ ወራት ነው፤ በበጋ የሚያሰጋው ሙቀቱ ብቻ ነውና በሩ እንደተከፈተ ግቡ። የመግቢያ ቀጠሮም አስቀድማችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ ቦታ አላገኘንም። ሌላ አለ?

በዩታ፣ በኤስካላንቴ አካባቢ ያለው ሎወር ካፍ ክሪክ ፏፏቴ። ቁመቱ 38 ሜትር፣ ደርሶ መልሱ 6 ማይል፣ መንገዱ ሜዳ ግን አሸዋ ነው። ክፍት መሆኑን አይታችሁ በማለዳ ሂዱ።

ጥያቄ (ከላስ ቬጋስ)፦ የሰዓት ልዩነት አለ?

በበጋ የለም። አሪዞና ሰዓቷን ስለማትቀይር ከማርች እስከ ኖቬምበር ከኔቫዳ ጋር እኩል ትሆናለች። ከዴንቨር የምትመጡ ግን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሱ።