አልጋው ከፍ ቢልም ምርመራው አይቅር፦ ጥያቄና መልስ

አዋላጅ ነርስ ነኝ። የልጅነት ልምሻ ይዞኝ ስለነበር የምሄደው በክራንች ነው። ሁለት ልጆች ወልጃለሁ። ስለ አካል ጉዳተኛ ሴቶች ሕክምና የላካችኋቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ዊልቸር ተጠቃሚ ነኝ፣ የአራት ወር ነፍሰ ጡር። ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለው የምርመራ አልጋ ከፍ ያለ ስለሆነ ሳልመረመር ተመለስኩ።

መልስ፦ በሽልም ያውጣሽ እህቴ። ደም ግፊት፣ የደምና የሽንት ምርመራ ዊልቸርሽ ላይ እንደተቀመጥሽ ይሠራል። ለክብደት ሰፊ የዕቃ ሚዛን ይበቃል። ከነዊልቸርሽ ትመዘኛለሽ፣ በኋላ ባዶው ዊልቸር ተመዝኖ ይቀነሳል። ሆድሽን ለመዳሰስ ግን መተኛት አለብሽ። ዝቅ ያለ አልጋ ያለበት ክፍል እንዲፈልጉልሽ ጠይቂ። የሚያነሳሽ ሰው ካለ እንዴት እንደሚይዝሽ አንቺ ንገሪው። ክንድሽን ይዞ እንዲጎትትሽ አትፍቀጂ፣ ትከሻሽ ለዊልቸሩም ለልጁም ያስፈልግሻል።

ጥያቄ፦ በመኪና አደጋ አከርካሪዬ ተጎድቷል። ከደረቴ በታች ምንም አይሰማኝም። ምጥ ሲመጣ እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ በእጅሽ። ከስድስት ወር ጀምሮ በየቀኑ ሆድሽን ዳብሺ። ጠንከር ብሎ መልሶ የሚላላ ከሆነ፣ ይህም እየተደጋገመ ከመጣ፣ ምጥ ሊሆን ይችላል። የእግር መንቀጥቀጥ መብዛትም ምልክት ነው። የሽንት ኢንፌክሽን ቢይዝሽም ማቃጠሉ አይሰማሽም፤ ትኩሳት ወይም የሽንት ሽታ መለወጥ ካየሽ ቶሎ ታከሚ።

አሁን የምነግርሽን ግን ለቤተሰብሽም ንገሪ። አከርካሪዋ ከደረት መሃል በላይ የተጎዳ ሴት ድንገት የደም ግፊቷ ሊያሻቅብ ይችላል። ጭንቅላቷን ይወቅራታል፣ ፊቷ ይቀላል፣ ላብ ያጠምቃታል። የሞላ ፊኛ፣ የሆድ ድርቀት፣ ምጥ ራሱም ሊቀሰቅሰው ይችላል። እንዲህ ሲሆን ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ የጠበቀ ልብስ አላሊ፣ ካቴተርሽ (የሽንት ቱቦሽ) ታጥፎ እንደሆነ ይታይ፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል። ብዙ ባለሙያ ይህን አይቶ ስለማያውቅ በእርግዝና ከሚመጣው የደም ግፊት ጋር ያምታታዋል። ስለዚህ ጉዳትሽ የት ላይ እንደሆነ ካርድሽ ላይ እንዲጻፍ አድርጊ። የምትወልጂውም ኦፕራሲዮን የሚሠራበት ሆስፒታል ይሁን።

ጥያቄ፦ አካል ጉዳተኛ የግድ በኦፕራሲዮን ነው የምትወልደው?

መልስ፦ አይደለም። ከሚወስኑት አንዱ የዳሌ አጥንትሽ ሁኔታ ነው። እኔ ሁለቱንም በምጥ፣ በጎኔ ተኝቼ ነው የወለድኩት።

ጥያቄ፦ «ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?» አለችኝ ነርሷ፣ ማርገዜን አይታ። ባለትዳር ነኝ። ከዚያ ወዲህ መሄድ አስጠላኝ።

መልስ፦ እኔም ተጠይቄዋለሁ። ያን ቀን ካርዴን ይዤ ወጣሁ፣ ሁለት ወር አልተመለስኩም። የሙያው ሰው ሆኜ እንኳ! በእነዚያ ሁለት ወራት ግፊቴ ቢጨምር ማን ያውቅ ነበር? አደራሽን፣ ባለሙያዋን ቀይሪ እንጂ ክትትሉን አትተዪ። አቤቱታሽንም በጽሑፍ ለተቋሙ ኃላፊ አቅርቢ። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 25 ላይ፣ የሥነ ተዋልዶ ጤናን ጨምሮ እኩል ጥራት ያለው ሕክምና እንድታገኚ ይደነግጋል። ብቻሽን መከራከር ከከበደሽ የኢትዮጵያ አካል ጉዳተኛ ሴቶች ብሔራዊ ማህበር አለ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴን ሳሳክም ሐኪሙ የሚያናግረው እኔን ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ «ዶክተር፣ እሷ ትመልስልዎታለች» ይበሉና ዝም ይበሉ ወንድሜ። ከፈለገች ደግሞ ትንሽ ውጭ ይጠብቁ። ለሐኪም ብቻ የሚነገር ነገር ሊኖራት ይችላል።

ጥያቄ፦ ክትትሉስ ነፃ ነው፣ የኮንትራት ታክሲውን ግን አልቻልኩትም። ሚኒባስ ዊልቸሬን አይጭንም።

መልስ፦ ከባዱ ይሄ ነው፣ ቀላል መፍትሔ አለኝ ብዬ አልዋሽሽም። ምልልሱን ግን መቀነስ ይቻላል። አልትራሳውንዱ፣ ላቦራቶሪውና ክትባቱ በአንድ ቀን እንዲሆኑልሽ ጠይቂ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤትሽ መጥታ እንድታይሽ ንገሪያት፣ ቤት ለቤት መሄድ ሥራዋ ነው። ገጠር ከሆንሽ፣ ቀንሽ ሲቃረብ የእናቶች ማቆያ ገብተሽ ጠብቂ። ግን አስቀድመሽ ሰው ልከሽ መጸዳጃ ቤቱ ዊልቸር ያስገባ እንደሆነ አረጋግጪ። የአምቡላንሱንም ስልክ ዛሬውኑ መዝግበሽ ያዢ።