በሃዋይ የቤት አቅርቦት በየካውንቲው እኩል የማያድገው ለምንድን ነው?

ውድ ጠያቂ፣ በሃዋይ የመኖሪያ ቤት አቅርቦት በአራቱ ዋና ዋና ካውንቲዎች (የግዛቱ የአካባቢ አስተዳደሮች) ለምን እኩል እንደማያድግ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት መነሻው የመሬት አመዳደብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው የመሬት አጠቃቀም ሕግ መሠረት ከግዛቱ መሬት 95 በመቶ ያህሉ ለጥበቃና ለእርሻ የተከለለ በመሆኑ፣ ለከተማ የቀረው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሆኖሉሉ ስለዚህ ወደ ላይ፣ በፎቅ ያድጋል። ከካውንቲዎቹ አንዱ በሆነው በሃዋይ ደሴት ግን፣ በተለይ ፑና በተባለው አካባቢ፣ ከብዙ ዓመታት በፊት በተሸነሸኑ ቦታዎች ላይ ቤቶች አንድ በአንድ ይሠራሉ፤ የቧንቧ ውኃ ባለመድረሱም ብዙዎቹ የጣሪያ ዝናብ በታንከር ያጠራቅማሉ። የማዊ ካውንቲ ሁኔታ ልብ ይነካል፤ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 በላሃይና ከተማ የደረሰው ቃጠሎ ከ2,000 በላይ ሕንፃዎችን ስላወደመ፣ አዲሱ ግንባታ አስቀድሞ የጠፋውን መተካት አለበት። ካውንቲዎቹን ሲያወዳድሩ እባክዎ የግንባታ ፈቃዶችን ብቻ አይቁጠሩ፤ የፈረሱትን፣ የተቃጠሉትንና ለቱሪስት የሚከራዩትን ቤቶች ይቀንሱ።