በእግዚአብሔር መታመን እንዴት ያድጋል? የእሁድ ማታ ጥያቄና መልስ ከደሴ

ሰላም ለናንተ ይሁን ወገኖቼ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የማስተምር ነኝና ዛሬ ማታ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። በውስጥ መስመር የላካችሁትንም ስም ሳልጠራ አስገብቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ በ2014ቱ ጦርነት ኮምቦልቻ ያለችኝ ሱቅ ተዘረፈች። ከዛ ወዲህ ቤተክርስቲያን እሄዳለሁ ግን «አምንሃለሁ» ማለት አፌ እምቢ አለኝ። እምነቴ ሞተ ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ አልሞተም ወንድምዬ! ዳዊት ራሱ 12ኛውን መዝሙር «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ይሄን የሚለው ደግሞ ፊት ለፊት ለራሱ ለእግዚአብሔር ነው። አንተም «አምንሃለሁ» ካቃተህ «ሱቄን ለምን?» በለው። ማርቆስ 9 ላይ ልጁ የታመመበት አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ሲል ጌታ መጀመሪያ እምነትህን ሙላና ተመለስ አላለውም፣ ልጁን ፈወሰለት። ደግሞ ብቻህን አትብሰልሰል፣ ንስሐ አባትህን ቤት ጥራቸው፣ ጠበሉን ይርጩልህ፣ እንባም ከመጣህ እሳቸው ፊት አልቅስ።

ጥያቄ፦ መስከረም 21 ግሸን ወጥቼ ልጅ እንድትሰጠኝ እመቤቴን ተስዬ ነበር፣ እስካሁን ግን የለም። እምነት አንሶኝ ይሆን?

መልስ፦ እህትዬ፣ «እምነትሽ አንሶ ነው» የሚልሽን ሰው እባክሽ አትስሚው፣ እንዲህ የሚሉ ሰዎች ስንቱን ሰው እንዳቆሰሉ እኔ አይቻለሁ። ሐና ሴሎ ወጥታ ተስላ ሳሙኤልን አገኘች፣ እውነት ነው፣ ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ፣ እሱንስ እምነት አንሶት ነው የሚል አለ? ስለት መልካም ነው ግን እግዚአብሔርን በፊርማ የምንይዝበት ውል አይደለም። ያን አቀበት በእግርሽ ወጥተሽ መስቀለኛው አምባ ላይ ያፈሰስሽውን እንባ አይቶታል፣ መልሱ እንዴት እንደሚመጣ ለኔም ላንቺም አልተገለጠም፣ ባይሰጠኝም አይተወኝም ብለሽ እሱ ጋ መቆየትሽ ራሱ ትልቅ እምነት ነው። ሐኪም ጋም ሂጂ፣ ባልሽም አብሮሽ ይመርመር፣ እኛ አገር ሁሌ ሴቷን ብቻ መመርመር ለምዶብናል፣ ትክክል አይደለም።

ጥያቄ፦ ደላንታ ነኝ፣ የበልጉ ዝናብ ሲዘገይ እንቅልፍ አጣለሁ። «አትጨነቁ» ተብሎ ተጽፎ እያለ መጨነቄ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ ዘር ይዞ ሰማይ የሚያይ ገበሬ ልቡ ባይሰጋ ነው የሚገርመኝ፣ እኛ ወሎዎች ደግሞ የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ከወላጆቻችን አፍ እየሰማን ያደግን ነን። ስጋቱ ሲመጣ ይዘኸው ወደሱ ሂድ። የሰራፕታዋን መበለት አስባት፣ እሷም በድርቅ ዘመን ነው የነበረችው፣ የቀራት አንድ እፍኝ ዱቄት ነው፣ መጽሐፉ ማድጋው ሞላ አይልም፣ ዱቄቱ አላለቀም ነው የሚለው፣ ስለዚህ በየቀኑ እጇን ስትሰድ ያገኘችው የዛን ቀኑን ነው፣ የነገውን አይታው አታውቅም። አንተም ማታ ማታ ልጆችህን ሰብስበህ የዛሬውን ቁጠሩ፦ ላሟ ታልባለች፣ እከሌ የዘር ገብስ አበድሮናል፣ ሙስሊሙ ጎረቤታችሁ በሬውን አውሷችሁ ከሆነ እሱንም ስሙን ጠርታችሁ አመስግኑ። ትናንት ያበላንን እያስታወሱ ለነገው መታመን እንደዚህ ነው የሚለመደው እንጂ በአንድ ስብከት አይመጣም። እርሻህን ግን እንዳታቆም፣ ደረቅ ወቅትን የሚችል ዘር ካለ የግብርና ባለሙያውን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ስጸልይ ሀሳቤ ይበተናል።

መልስ፦ የሁላችንም ይበተናል። ድምፅ አውጥተህ ጸልይ፣ አጭር ይሁን፣ ስልክህን ሌላ ክፍል ተወው።

ጥያቄ፦ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ ጋሼ፣ ከየት ልነሳ?

መልስ፦ ከመዝሙረ ዳዊት ተነሺ የኔ ልጅ፣ ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ነው የሚጸለየው። የሰኞው ከ1 እስከ 30 ነው፣ ከበዛብሽ አንዱን መዝሙር ብቻ ቀስ ብለሽ፣ ግዕዙ ካስቸገረሽ በአማርኛ አንብቢው። ነገ ሰኞ ስለሆነ ከ1ኛው ጀምሪ።