መጠይቁን ቦርሳሽ ውስጥ መልሰሽ ክተቺው

ጥያቄ፦ አቦ ሰላም ናችሁ? የምኖረው ድሬዳዋ ከዚራ ነው፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። «የአንድ ቤተሰብ የዕለት ተዕለት ኑሮ» በሚል ርዕስ የኢትኖግራፊ (የሰውን ኑሮ አብሮ ውሎ የማጥናት) ሥራ ተሰጠንና ሐረር፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ በጀጎል ውስጥ የሚኖሩ የእናቴ ጓደኛ ዘንድ ሄድኩ፤ አዴ ነው የምላቸው። አርባ ጥያቄ ይዤ። አዴ ግን ለሁሉም «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» ወይ «ድሮም እንዲሁ ነው» እያሉ መለሱልኝ። ሆጃዬን ጠጥቼ፣ ጨዋታ ሰምቼ፣ ባዶ ደብተር ይዤ ተመለስኩ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እስቲ መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪኝ። የት ነበር የተቀመጥሽው?

የሐረሪ ቤት፣ ጌይ ጋር የሚሉት፣ ስትገቢ ሶፋ አይቀበልሽም። ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራ ቀይ መደብ ነው ያለው፣ ነደባ ይሉታል። አምስት ነው፣ እያንዳንዱም ስም አለው። አሚር ነደባ አለ፣ ግድር ነደባ አለ፣ ትት ነደባ አለ። ግድር ትልቁ፣ ትት ትንሹ ማለት ነው። ሰው ዝም ብሎ ባገኘው ላይ ዘፍ አይልም። አዴ «ነይ እዚህ» ብለው ያስቀመጡሽ ቦታ ምን ያህል እንግዳ፣ ምን ያህል ልጅ አድርገው እንዳዩሽ ነግሮሻል። ከአንቺ በኋላ ጎረቤት ስትገባስ ማን ተነሣ? ማን ጠጋ አለ? ሆጃው መጀመሪያ ለማን ተቀዳ? አርባው ጥያቄ ውስጥ ይሄ አልነበረም መቼም።

ቀና ብለሽ ከበሩ በላይ አይተሽ ከሆነ ደግሞ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ይኖር ይሆናል። አስጎብኚዎች «ቤቱ ውስጥ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው» ይላሉ። ጥሩ። አንቺ ግን ምንጣፍ ያለበትን ቤት ቁጠሪ፣ ከዚያ ልጅ ያለበትን ቁጠሪ። ሁለቱ ካልገጠሙ ደስ ይበልሽ፣ ሥራሽ ተጀመረ። የመደቡ ቅላትም እንደዚያው ነው። በ1879 ዓ.ም. የአሚር አብዱላሂ ጦር ጨለንቆ ላይ በምኒልክ ጦር ሲሸነፍ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ሲባል ትሰሚያለሽ። ይሄን ታሪክ ማን ለማን ይነግረዋል? ለቱሪስቱ ብቻ ነው ወይስ ለልጅ ልጅም? ሰው የሚለው ሌላ፣ የሚያደርገው ሌላ ነው፤ መሀል ላይ ነው ያንቺ ቦታ።

ማሊኖውስኪ የሚባል ፖላንዳዊ አንትሮፖሎጂስት፣ የሰው ኑሮና ባህል አጥኚ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዛሬ ፓፑዋ ኒው ጊኒ በምንላት አገር፣ ትሮብሪያንድ ደሴቶች ላይ መንደር መሀል ድንኳን ተክሎ ተቀመጠ። ከሱ በፊት ብዙው ተመራማሪ የሚስዮን ቤት በረንዳ ላይ ሆኖ ሰው እያስጠራ ነበር የሚጠይቀው። ቅዱስ እንዳይመስልሽ ግን። ከሞተ በኋላ በ1967 እ.ኤ.አ. የታተመው የግል ማስታወሻው በመሰልቸትና በንዴት የተሞላ ነው። ቢሆንም ቆየ። እንግሊዛዊው ተጓዥ በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ገብቶ የቆየው አሥር ቀን ነው፣ ስለ ከተማዋ ግን ጻፈ፣ ጻፈ! አንቺ በሚኒባስ ተመላልሰሽ ከሱ የበለጠ ልትቀመጪ ትችያለሽ።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጡ እናት ፊት ደብተሬን ገልጬ «በቀን ስንት ያተርፋሉ?» አልኳቸው። የግብር ሰው መሰልኳቸው መሰለኝ፣ ሽንኩርቱን በማዳበሪያ ሸፈኑት። በማግስቱ ባዶ እጄን ሄጄ ገለባውን እያራገፍኩላቸው ዋልኩ። በኦሮምኛ ዋጋ ጠርተው፣ በሶማልኛ ተከራክረው፣ በአማርኛ ሲምሉ ሰማሁ። ትርፋቸውንም ከሰዓት በኋላ ሳልጠይቅ ነገሩኝ።

ስለዚህ ተመለሺ። ስኳር ነገር ይዘሽ ሂጂ። ከፈቀዱልሽ ከአዴ ጋር ወደ አፎቻቸው ሂጂ። አፎቻ እድርን ይመስላል፣ ግን ሠርጉንም ለቅሶውንም ይይዛል፣ የሴቶቹና የወንዶቹም ለየብቻ ነው። እዚያ ዝም ብለሽ ሥራ አግዢ። ማታ ሳትተኚ፣ ደክሞኛል ሳትዪ፣ የሰማሽውንም የበላሽውንም ጻፊ። «የኛ ሰፈር ኑሮ ደግሞ ምን ይጻፋል» እንዳትዪኝ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር ነበራቸው፣ የትውልድ አገራቸውን ልማድ እየጻፉ በመጽሔት ያወጡ ነበር። እንዳንቺ ተማሪዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ሐረር ላይ በጅብ የተመራመረ አንትሮፖሎጂስት አለ ሲሉ ሰማሁ። ጅብ ምን ባህል አለውና?

መልስ፦ አለ፣ አውስትራሊያዊ ነው። ያጠናው ጅቡን ብቻ ሳይሆን ጅቡና የሐረር ሰው አብረው እንዴት እንደሚኖሩ ነው። የጀጎል ግንብ እኮ ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለው! በአሹራ (የሙሐረም ወር አሥረኛ) ቀን ቅቤ የገባበት ገንፎ ይቀርብለታል፤ አበላሉ ታይቶ ዓመቱ ምን እንደሚመስል ይገመታል። በሚቀጥለው አሹራ ከሄዱ ጅቡን ትተው የሚያዩትን ሽማግሌዎች ፊት ይዩ።

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግኩት ጀጎል ነው። ቤታችን አሮጌ ጌይ ጋር ስለሆነ በየዓመቱ ተማሪም ፈረንጅም ይመጣል። እናቴን ይቀርጻሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ «እንልካለን» ይላሉ። አንድም ነገር ደርሶን አያውቅም። በሩን ልዝጋው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቢዘጉት አልፈርድብዎትም። ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፣ የሐረሪዎች በዓል ሹዋሊድም በ2023 ተጨምሯል፤ እንግዳው ገና ይበዛል እንጂ አይቀንስም። እኔ ብሆን በሩን ከፍቼ ውል እጠይቃለሁ። ከየት መጣህ፣ ደብዳቤህ የታለ፣ ድምፁን የት ታስቀምጠዋለህ? እናትዎ «ይሄን አጥፋው» ካሉ እዚያው ፊታቸው ይጥፋ። ቅጂውን ደግሞ «እልካለሁ» በሚል አይቀበሉ፤ ሳይወጣ በፍላሽ ይገልብጥልዎ። በፍላሽ የሚሞላ ነገር ፖስታ አይጠብቅም።

ከዚያ እሱ እያለ ለእናትዎ ያሰሟቸው። «እንደሱ አላልኩም» የሚሉት ቦታ አይጠፋም፣ ያን ጊዜ እንግዳው ደብተሩን እንደገና ይገልጣል።