የእኛ እሑድ ማክሰኞ ነው

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ከቨርጂኒያ ናቸው። የጻፉልኝ ልጆቻቸውን ብቻቸውን እያሳደጉ ቤት የሚያስተምሩ፣ ወይም ሊጀምሩ የሚያስቡ ወላጆች ናቸው። እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝና ከኖርኩት ልመልስ።

ጥያቄ፦ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ሌሊት ደብል እሠራለሁ። ልጄ 8 ዓመቷ ነው። ሰኞ ስነቃ ቀኑ አልቋል። ከእኩዮቿ ወደኋላ እንዳትቀር እፈራለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ትምህርት ቤትን ቤትሽ ውስጥ ለመክፈት አትሞክሪ። አስተማሪ ክፍል ውስጥ ሃያ ምናምን ልጅ ዝም እስኪል ትጠብቃለች። ያንቺ ተማሪ አንዲት ናት። ለ8 ዓመት ልጅ አብሮ ተቀምጦ ሁለት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል መማር ብዙ ነው። ንባብና ሒሳብ አይቋረጡ፤ ሌላው ተራ በተራ ይደርሳል።

ሰኞን ደግሞ ተዪው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ከሺፍት ገብቼ፣ ዓይኔ እየተከደነ ማባዛት ላስተምር ስል ሁለታችንም እናለቅስ ነበር። አሁን ሰኞ የእኔ እንቅልፍ ነው። እስክነቃ ልጄ ክርስትና እናቷ ጋ ትቆያለች። ማክሰኞ እሑዳችን ነው፤ ፓንኬክ ይጋገራል፣ ቡና ይፈላል፣ ደብተር አይከፈትም። ከረቡዕ እስከ አርብ ጠንከር አድርገን እንማራለን። ቅዳሜ ለክርስትና እናቷ ጮክ ብላ ታነብላታለች። ቨርጂኒያ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት አስተምሩ አትልም። ለእንደኛ ዓይነት ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆነ። እኔ 12ኛ ክፍል ነው የጨረስኩት። ሕጉ ይፈቅድልኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ሕጉ የሚጠይቀው የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሌላም መንገድ አለ፦ በርቀት ትምህርት ፕሮግራም ማስመዝገብ፣ ወይም ማስተማር እንደምትችል የሚያሳይ ማስረጃ ማቅረብ። በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ለአካባቢህ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ ደብዳቤ ትጽፋለህ፣ የምታስተምራቸውን ትምህርቶች ዝርዝር አያይዘህ። ዓመቱ ሲያልቅ እስከ ኦገስት 1 የልጅህን መሻሻል ታሳያለህ፤ በፈተና ውጤት ወይም ፈቃድ ባለው መምህር ግምገማ። የላክኸውን ሁሉ ኮፒ አስቀር።

ጥያቄ፦ አባታቸው በየሁለት ሳምንቱ ዊኬንድ ይወስዳቸዋል። የቤት ሥራ ሰጥቼ ልላካቸው?

መልስ፦ አትላኪ። እሱ ጋ ያለው ጊዜ የእሱና የልጆቹ ነው። ሲመለሱም «ምን ተማራችሁ?» አትበያቸው፤ መጀመሪያ ምግብ ስጫቸው።

ጥያቄ፦ በእረፍት ቀናችን ገንዘብ ሳናወጣ የት እንሂድ?

መልስ፦ ዲሲና አካባቢዋ ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያቸው ነፃ ነው። ዲሲ ባለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፣ በሰው ዘር አመጣጥ አዳራሽ፣ የድንቅነሽ ዝርያ የነበሩት ሰዎች ፊት ምን ይመስል እንደነበር ተቀርጾ ይታያል። ልጄ መጀመሪያ ያየችው ቀን ድንቅነሽ በ1974 በአሜሪካ አቆጣጠር ሐዳር፣ አፋር ውስጥ እንደተገኘች ነገርኳት። «የእኛ አገር ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። ቆማ ቆማ እንቢ አልሄድም አለች። ያን ሳምንት የአፋርን ካርታ በእጇ ሳለች፣ «ሐዳር»ንም በፊደላችን ጻፈችበት። አማርኛ አላስተምርም ብላችሁ የተዋችሁ፣ እንዲህ ካለ ቃል ጀምሩ፤ 231ዱን ፊደል በአንድ ክረምት ማስጨረስ ግዴታ አይደለም።

ሻንቲሊ ያለው የአውሮፕላን ሙዚየም ደግሞ ዲስከቨሪ የተባለችውን የጠፈር መንኮራኩር ይዟል። መግቢያው ነፃ ቢሆንም ፓርኪንጉ 15 ዶላር ነው። በአሜሪካ ሰዓት ከ4 በኋላ ግን አያስከፍሉም፤ እኛ ማክሰኞ የምንሄደው ያኔ ነው፣ ሳንድዊቻችንን መኪና ውስጥ በልተን።